የመጋላው ክኒን ለማኝ

የጋሽ ሙክታርን ሞት የነገረችኝ አንዲት የምታነክስ ሴት ናት። ልታረዳኝ ብላ አልመጣችም፤ መድኃኒት ልትገዛ ነው።

ለቤተሰብ ጉዳይ ሐረር ሰንብቼ የተመለስኩ ዕለት ነበር። አሁን የምሠራበት ፋርማሲ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው፤ ጥላው ብዙ፣ ደንበኛው ትንሽ የሆነ ሰፈር። ገና በሩን ከፍቼ አቧራ ስጠርግ ባጃጅ ቆመና አዴ ከድጃ ወረደች። አዴ ከድጃ የመጋላ ሰፈር ሴት ናት። ሰርግ ላይ ቀድማ የምትገኝ፣ ከለቅሶ ቤት መጨረሻ የምትወጣ፣ ሰው ሲታመም ደግሞ ከሐኪም በፊት የምትደርስ። ግራ እግሯን እየጎተተች ገባችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ሰሉ፣ እግሬ ወለም አለኝ። ወላሂ ለቅሶ ቤት ስጣደፍ ነው፣ ደረጃው በላኝ።»

«የማን ለቅሶ?»

«አልሰማሽም እንዴ? ያ ረቢ! የሙክታር ነዋ፣ የዶክተር ሙክታር! ትናንት ንጋት ላይ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ወደቀ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበሩት። ልቡ ነው አሉ።» ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር። ክኒን መልመዱ ነው እንጂ የጎዳው። በይ አሁን ያንን ሁለት በአንዱን ስጪኝ። እንግዲህ የሚከለክለኝ የለም።»

«ሁለት በአንድ» የምትለው ሁለት የህመም ማስታገሻ በአንድ ፍሬ የተጨመቀበትን ክኒን ነው፤ ዳይክሎፌናክና ፓራሲታሞል። ድሬ ላይ ጥርሱን ያመመው፣ ወገቡን የያዘው፣ እግሩ ወለም ያለው ሁሉ ስሙን ጠርቶ ይገዛዋል። መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ለማን፣ ከምን ጋር የሚለው ነው ጣጣው፤ ጋሽ ሙክታርም ዕድሜውን የፈጀው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ አረፍ በይ» አልኳትና ወደ መደርደሪያው ዞሬ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ደግሞ ተናደድኩ። ክኒን መልመዱ! ሰውዬው ሱሰኛ ተብሎ ተቀበረ ማለት ነው። እንዳልለመደ የማውቅ እኔ ነኝ። ለምን የለመደ እንደመሰለም የማውቅ እኔ ነኝ። ከሰው ሁሉ ደግሞ ይህን ልነግራት የማልችለው ሴት ከኋላዬ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች።

ከኮሌጅ ወጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት እሱ በሚሠራበት ፋርማሲ ነበር፤ ከመጋላ ጠባብ መንገዶች አንዱ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ። ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፣ ፋርማሲስቱ እሱ። ረዥም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ የነጭ ጋዋኑን ቁልፎች ሁልጊዜ አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስለው ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ።

«ማንን ነው? አንቺ የድሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እዚህ አገር አንቱ የሚባል የለም፣ ሙቀቱ አይፈቅድም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንተ አልኩት። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱ ግን «እኔ የዶክተር ጎረቤት ነኝ» ይላል።

ድሬ ለቁርጭምጭሚት አትመችም። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት በደረቀው በደቻቱ ወንዝ አሸዋና ድንጋይ ላይ ነው፤ ሸቀጡ የሚጫነው በጋሪ ነው፤ ከባጃጅ ደግሞ ሳይቆም ነው የሚወረደው። ስለዚህ የሚያነክስ ሰው የማይገባበት ቀን አልነበረንም። ሌላ ፋርማሲ ብትሄድ ክኒንህን ተቀብለህ ትወጣለህ። ጋሽ ሙክታር ግን ከባንኮኒው ጀርባ ይወጣና ደንበኛው እግር ሥር ይንበረከካል። ጫማ ያስወልቃል። የቁርጭምጭሚቱን አጥንት በግራም በቀኝም በአውራ ጣቱ ጫን ይላል፤ «እዚህ? እዚህስ?» ይላል። ከዚያ ያስነሳውና «እስቲ እስከ በሩ ሂድ» ይለዋል። መሄድ ያቃተውን ራጅ እንዲነሳ ይልከዋል። የሄደውን ደግሞ ይጨቀጭቀዋል።

አንድ ቀን አንድ ባለባጃጅ እያነከሰ ገብቶ «ዶክተር፣ ሁለት በአንድ» አለው።

«ለምን?»

«ለእግር ነዋ! ለጸጉር ይሆናል እንዴ?»

ጋሽ ሙክታር ተንበርክኮ አየው፣ አስረመደው፣ ከዚያ ሁለት ካርቶን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አቆመ። አንዱ ተራ ፓራሲታሞል ነው፣ ሌላው ሁለት በአንድ።

«ስማኝ ወላሎ፣ ወንድሜ። ለወለምታ ይሄኛው በእግሩ ይደርሳል፣ ያኛው በባጃጅ ይደርሳል። ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ፣ የሚደርሱበት ሰዓት እምብዛም አይራራቅም። ባጃጅ ደግሞ የሚገለበጥበት ቀን አለ፤ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ሌላ ምን ወስደሃል?»

«ምንም! ጠዋት ጎረቤቴ የሰጠኝን አይቡፕሮፌን ብቻ።»

«ይኸው! እሱና ዳይክሎፌናክ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው። አንዱ ካስከፈተ ሁለተኛው በሩን ከመስበር ሌላ ሥራ የለውም። የሚሰበረው ደግሞ ጨጓራህ ነው፣ ኩላሊትህ ነው።»

«አቦ አትነጅሰኝ! ሽጥልኝ አልኩህ እንጂ ስበክልኝ አልኩህ? አንተ ቀባጣሪ ሽማግሌ!» አለ ልጁ፤ ወዲያውም ደነገጠና ይቅርታ ጠየቀ።

«የእግርህን ወለምታ በፋሻ እይዝልሃለሁ» አለው ጋሽ ሙክታር ቀና ሳይል። «የአፍህ ግን በቅቤም አይታሽም።»

ግትር ብቻ አልነበረም። ጉልበት ላለው፣ ጨጓራም ግፊትም ለሌለበት ሰው ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን አብሮ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ ከምግብ በኋላ፣ ለጥቂት ቀን። «እነዚህ ሁለቱ የየራሳቸውን በር ስለሚያንኳኩ ይስማማሉ» ይላል። አብዛኛውን ሰው ግን ፓራሲታሞልና ፋሻ አስይዞ፣ ከጁስ ቤት በረዶ ለምነህ በጨርቅ ጠቅልለህ አድርግበት ብሎ ይሸኛል። ከተሸኙት ብዙዎቹ መንገዱን ተሻግረው ሁለት በአንዱን ከፊት ለፊታችን ካለው ፋርማሲ ሲገዙ በመስታወቱ እናያቸዋለን። እኔ እበግናለሁ። እሱ «ቢያንስ ሰምተው ነው የሄዱት» ይላል። ያን ጊዜ መስማት ሰውን የሚያድን ይመስለው ነበር።

ይህን እምነቱን ይዛበት የሄደችው እህቱ መርየም ናት። መርየም ታላቁ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም እየሸጠች ያስተማረችው እሷ ናት። ያን የሚያህል ሽማግሌ እህቴ ለማለት «አባዮ» ብሎ ሲጠራት ድምፁ እንደ ሕፃን ይቀጥናል። አንድ ቀን ቀፊራ ከጋሪ ስትወርድ የቁንዶ በርበሬ ከረጢት ታቅፋ ነበርና እግሯ ተጠመዘዘ። ከረጢቱን አልለቀቀችም። «ብለቀው ይደፋ ነበራ! እግር እንደሆነ አይደፋም» ትላለች፣ ቁርጭምጭሚቷ ብርቱካን አክሎ እየሳቀች።

እንደማንም ደንበኛ ተንበርክኮ አጥንቷን ጫን ጫን አደረገ፣ አስረመዳት። አጥንቷ ደህና ነበር። ግን ደም ግፊት አለባት፣ ጨጓራዋም ከድሮ ጀምሮ ይነድዳታል። ስለዚህ ፓራሲታሞል ብቻ ሰጣትና እግሯን ትራስ ላይ ሰቅሎ «ሌላ ክኒን በአፍሽ እንዳይዞር፤ ላንቺ ሐራም ነው» አላት። «እሺ» አለች። ከልቧ ነበር።

ያላሰብነው ጠያቂውን ነው። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ጋ ባዶ እጅ አይኬድም። ስኳር ይያዛል፣ ወተት ይያዛል፣ ሙዝ ይያዛል። ከዚህ ሌላ ግን እያንዳንዱ ጠያቂ እሱን ያሻለውን ክኒን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ከራሱ ቀንሶ። «እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው» ብሎ በእጅህ ያስይዝሃል፣ ውሃ ይቀዳልሃል፣ እስክትውጠውም ቆሞ ይጠብቃል። እምቢ ማለት የሰውየውን ፍቅር እምቢ ማለት ነው። መርየም ደግሞ ቀፊራን የሚያህል ወዳጅ ነበራት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ በሚያዘጋበት ሰዓት፣ ጋሽ ሙክታርን ተከትዬ ልጠይቃት ሄድኩ። አዴ ከድጃ ቀድማን የፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጫማችንን ሳናወልቅ የሻሿን ጫፍ ፈታች። ቋጠሮው ውስጥ አንድ ፍሬ ሁለት በአንድ ነበር።

«ለጉልበቴ ያስቀመጥኳት የመጨረሻዋ ናት» አለች፤ «ግን ካንቺ አትበልጥብኝም። በይ፣ ቢስሚላህ በይ።»

ጋሽ ሙክታር አፉን ከፈተ። አይቼዋለሁ። ደንበኛን ሁሉ ሲጨቀጭቅ የኖረ አፍ ተከፈተ፤ መርየምም በአዴ ከድጃ ትከሻ አሻግራ አየችው። እንግዳዬን እንዳታሳፍርብኝ የሚል ዓይን ነበር፤ ልጅ ሳለ ሰው ፊት ሲያጠፋ የምታየው በዚያ ዓይን ይመስለኛል። አፉን ዘጋ። መርየም ዋጠች። አዴ ከድጃ «ሺፋ ያድርግልሽ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

እንግዳዋ ስትወጣ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ለመናት። ሰው ያመጣላትን ክኒን ሁሉ ከትራሷ አጠገብ ሰብስቦ ዘረጋው፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ነጩን።

«እዪ፣ ይሄና ይሄ ስማቸው ነው እንጂ የሚለያየው ሆዳቸው አንድ ነው። ይሄኛውም ያው የነሱ ዘመድ ነው። ይሄ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ከነዚህ ጋር ከተገናኘ ጨጓራ ይበሳል። አባዮ፣ አንዱን ብቻ ብትወስጂ የትኛው ይሻላል ብለን እናወዳድር ነበር። አንቺ እኮ ሁሉንም ነው የምትውጪው!»

«ማሻአላህ» አለች። «አንተ ከልጅነትህም ጎበዝ ነህ።»

«ታዲያ አትውሰጂ።»

«አልወስድም። ግን ሰው በእጁ ይዞ ሲቀርበኝ እምቢ ካልኩት፣ መርዝ አመጣህልኝ ማለቴ አይደለም እንዴ?»

ክኒኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ሰበሰበ።  

ያልሞከረው ነገር የለም። በር ላይ ተቀምጦ ለጠያቂው ሁሉ ነገረ፤ ሁሉም «ኢንሻአላህ» አሉት፣ እሱ ወደ ሥራ ሲመለስም ያው እጃቸው ወደ ቋጠሮው ሄደ። ምላስሽ ሥር ደብቀሽ ቆይተሽ ትፊው አላት፤ ሞከረችና መረራት፣ እንግዳ ፊት ፊቷን ማጨማደድ አሳፈራትና ዋጠችው። እየሳቀች ነው የነገረችን። እኔም አብሬያት ስቄያለሁ።

እግሯ ግን ዳነ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እብጠቱ ጎደለ፣ ቆማ ወጥ መሥራት ጀመረች፣ «የማን ክኒን እንዳዳነኝ እንጃ» እያለች ትቀልድ ነበር። ሰገራዋ ጠቁሮ ሰንብቶ ኖሯል። ለወንድም የሚነገር ነገር አይደለም ብላ ዝም አለች። አንድ ጠዋት ደም አስታወከች። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ምን ምን ስትወስድ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሙክታር ስሞቹን መጥራት ጀመረ፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ መሐል ላይ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። መርየም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ለለቅሶው የመጡት እነዚያው ሴቶች ነበሩ። ውሃ የቀዱላት፣ ትራሷን ያስተካከሉላት፣ ክኒን ከራሳቸው ቀንሰው ያመጡላት። አዴ ከድጃ እናቷ እንደሞተችባት ሆና አለቀሰች። ከዚያ የጋሽ ሙክታርን እጅ ይዛ፣

«አብሽር፣ ሙክታር። የቻልነውን አድርገናል። ያቺ የኔ ክኒን እንኳ ያን ቀን እንቅልፍ ሰጥታት ነበር፤ ራሷ ናት የነገረችኝ» አለችው።

ፊቱን አየሁት። አሁን ይጮኻል አልኩ።

«ጀዛኪላሁ ኸይረን» ብሎ አመሰገናት።

ድንኳኑ ጥግ ጎትቼ ያዝኩት። ተናድጄ ነበር፣ የሐዘንተኛ ወግ እንኳ ረስቼ።

«ለምን አትነግራቸውም? ነገም ለሌላ በሽተኛ ይዘው ይሄዳሉ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ሰሉ፣ ብነግራቸው መርየምን አላስነሳም። እነሱን ግን በቁማቸው እቀብራቸዋለሁ። ከድጃ ይህን ሰምታ ሰው የምትሆን ይመስልሻል? ባልነግራቸው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው አለ።» ጋዋን የለበሰ ይመስል ደረቱ ላይ ቁልፍ ፈለገ። «ሁለቱን አወዳደርኩ። የሚሻል አጣሁ።»

ልመናው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጋላ ውስጥ የታመመ ሰው አለ ከተባለ ጋሽ ሙክታር ከሥራ መልስ እዚያ ነው። ከበሽተኛው ራስጌ ይቀመጣል፣ ወሬ ያወራል፣ ያስቃል። ጠያቂዋ የሻሿን ጫፍ መፍታት ስትጀምር ግን እጁን ይዘረጋል። «አቦ ለእኔ ስጪኝ! ወገቤን ገደለኝ፣ ወላሂ እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትኩ።» እኛ አገር ለለመነ ሰው አይከለከልም። ይሰጡታል፣ ውሃም ይቀዱለታል። ውሃውን ግጥም አድርጎ ይጠጣል፤ ክኒኑ መዳፉ ውስጥ ነው። ጠዋት ፋርማሲ ሲገባ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የምንጥልበት ካርቶን ላይ ኪሱን ይገለብጣል። ማየቴንም ያውቃል። አንዳንዷ ጠያቂ ግን እንደ አዴ ከድጃ አፍ አፍ ታያለች። ያን ጊዜ የምሩን ይውጠዋል።

ስሙ ጠፋ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፣ ቀጥሎ በቀልድ፣ በመጨረሻም ፊት ለፊት፤ ሙክታር ክኒን ለመደ፣ ሙክታር ከበሽተኛ ይሻማል። የፋርማሲው ባለቤት ሰምቶ በመደርደሪያዬ አላምነውም ብሎ አሰናበተው። አንድ ቃል ቢናገር ይተርፍ ነበር፤ ያ አንድ ቃል የሚጀምረው ግን ከመርየም ነው፣ የሚያልቀውም አዴ ከድጃ ላይ። «ጡረታ ወጣ በይልኝ» አለኝና ጋዋኑን አጣጥፎ ወጣ። እኔም ከዚያ ብዙ ሳልቆይ ለቀቅኩ።

መጨረሻ ያገኘሁት ለዒድ ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ነው። ከስቶ ነበር። «ለመሆኑ ልመናው ጠቀመ?» አልኩት።

«እንጃ» አለኝ። «እኔ አንዱ ራስጌ ላይ ስቀመጥ በሌላው ቤት ሻሽ ይፈታል።»

ይህን ሁሉ ሳስብ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ቀርቻለሁ።

«ሰሉ፣ ቆመሽ ተኛሽ እንዴ?» አለች አዴ ከድጃ።

ዓይኔን ጠረግኩና ከባንኮኒው ወጥቼ እግሯ ሥር ተንበረከክኩ። ጫማዋን አወለቅኩ። አጥንቱን በግራም በቀኝም ጫን አልኩ፤ «እዚህ? እዚህስ?» አልኩ። እስከ በሩ አስረመድኳት። አጥንቷ ደህና ነው። ግን ዕድሜዋ መርየም የሞተችበት ዕድሜ ነው፣ የግፊት መድኃኒቷንም ከእኔ ነው የምትወስደው። ፋሻ አሰርኩላትና ፓራሲታሞሉን በእጇ አስያዝኳት።

«ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ፣ አዴ። ሁለት በአንዱ ላንቺ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? መርየምን እንኳ እንቅልፍ የሰጣት እሱ አይደል?»

ቃሉ አፌን ሞላው። ቢወጣ ይህቺ ሴት ዛሬ ያንን ክኒን አትገዛም፤ ምናልባት ከእንግዲህም አትገዛም፣ ለማንም ይዛ አትሄድም። የጋሽ ሙክታር ስምም ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ግን እሷ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? የመርየምን ዓይን አስታወስኩ። አዴ ከድጃ ቀና ብላ መልሴን ትጠብቃለች፣ ምንም የማትጠረጥር ፊት ይዛ።

«ለጨጓራሽ ብዬ ነው» አልኩ።

«የኔ ጨጓራ ብረት ነው!» ብላ ሳቀች። «ጭቅጭቁን ላንቺ አውርሶሽ ነው ለካ የሄደው።» ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች።

በመስታወቱ አየኋት። ባጃጅ አልጠራችም። እያነከሰች መንገዱን ተሻገረችና እዚህም ፊት ለፊታችን ያለው ፋርማሲ ገባች። ስትወጣ ካርቶን ይዛለች። ጥላ ሥር ቆማ ከፈተችው፤ አንዱን ፍሬ ወደ አፏ ጣለች፣ አንዱን ደግሞ የሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ዞር ስትል መስታወቱ ኋላ መቆሜን አየች። መድኃኒት አጣች ብዬ እንዳላዝን ካርቶኑን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

እኔም እጄን አነሳሁላት።